አንዱን ብቻ ምረጪ

ዛሬ እሁድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ላፕቶፔ ላይ ተደፍቼ አንዲት ጥያቄ መመለስ አቅቶኝ ዋልኩ።

ጓደኛዬ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር እያመለከተች ነው። ከሚመሰክሩላት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ሐሙስ ማታ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ቅጹ ላይ ያለች ጥያቄ ናት፦ ከአመልካቿ ጋር ያለሽ ግንኙነት ምንድን ነው? ከሥሯ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል። ፒር፣ ኮሊግ፣ አሶሺየት፣ ፍሬንድ። መምረጥ የሚቻለው አንዱን ብቻ ነው።

እኔና እሷ ኮምቦልቻ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። የሠራነውም አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እኔ ወደ ደሴ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሷ እዚያው ናት። ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል እንዴት ይነገራል? ጨነቀኝና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከዚያ ወዲያ መዝጋት አልቻልኩም።

ፒር መነሻው ላቲን ነው፤ እኩል ማለት ነው። እኩያ፣ አቻ እንደምንለው። በፈረንጆቹ 1215 የእንግሊዙ ንጉሥ ማኅተሙን ያሳረፈበት ማግና ካርታ፣ ነጻ ሰው በእኩዮቹ ፍርድ ወይም በአገሩ ሕግ ካልሆነ በቀር አይታሰርም ይላል። እዚያው አገር መኳንንቱም ፒር ይባላሉ። እኩልነታቸው እርስ በርስ ነው እንጂ ከገበሬው ጋር አይደለም። እኛስ እኩያ ነን? በዕድሜ አዎ። በሥራ ግን አልደርስባትም። ይህን ደብዳቤው ላይም ጽፌዋለሁ።

አሶሺየት፣ ተባባሪ እንደማለት፣ ቀዘቀዘብኝ፣ አለፍኩት። ፍሬንድ ከጥንቱ እንግሊዝኛ መውደድ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ልክ ወዳጅ ከወደደ እንደመጣው። ደስ ይላል። ግን ለወዳጇ አደላች ቢሉስ? እሱንም ተውኩት።

ልቤን የነካው ቅጹ ላይ የሌለ ቃል ነው። ካምፓኒየን። በላቲን ‹ኮም› አብሮ፣ ‹ፓኒስ› ዳቦ ነው። ዳቦ አብሮ የሚበላ! ቆይ፣ ባልንጀራስ ባለ እንጀራ አይደል? እነሱ በዳቦ፣ እኛ በእንጀራ፤ ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደረሱ። ወንጌሉን አሰብኩ። እኛ ‹ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ› ብለን የምናነበውን እንግሊዝኛው ‹ጎረቤትህን› ይለዋል። እኔ የኛን እመርጣለሁ። ጎረቤት አጥር አገናኝቶት ይሆናል። ባልንጀራ ግን አንድ ትሪ ላይ እጁን የሰደደ ሰው ነው።

ጓደኛን ሜት የሚሉትም ከማዕድ የመጣ ነው። ዛሬ ሥጋ ከሚባለው ‹ሚት› ጋር ይዛመዳል፤ ድሮ ‹ሚት› ማንኛውም ምግብ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም። እንደ ወሎ ልማድ ሥጋዬን አትበላም፣ ሥጋዋን አልበላም። ለሥጋ ሁለት ድስት ነበረን፣ የእሷና የእኔ። ለሽሮ፣ ለምስር፣ ለጎመን ግን አንድ። ተጠያይፈን አናውቅም። እዚህ ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ አንዷ ድስታችን ትዝ ትለኛለች።

አጋርን ፌሎው የሚሉት ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ነው። ከብቱን፣ ገንዘቡን አንድ ላይ ያኖረ ሰው። የደሴ ነጋዴ ሸሪኬ የሚለው ዓይነት። እኛም የቤት ኪራዩንም እቁቡንም እኩል እናዋጣ ነበር። ኮምሬድ ደግሞ ክፍል ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ነው፤ አንድ ክፍል የሚጋራ ማለት ነው። በእኛ ጓድ ተባለ። አባቴ ዛሬም ጓድ ሲባል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ከአብዮቱ በኋላ ያ ቃል ከብዙ ሞት ጋር አብሮ ተጠርቷል። ከጓደኛ ጋር ሥሩ አንድ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ያስደነገጠኝ ግን ራይቫል ነው። ተቀናቃኝ። መነሻው ጅረት ነው፤ ከአንድ ጅረት ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች ማለት ነበር። ከላይ ያለው ውሃውን ሲጠልፍ ከታች ያለው ማሳው ይደርቅበታል። መስኖ ያለበት አገር ሰው ይህን ለማወቅ ላቲን አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ወጣ። ሁለታችንም ተወዳደርን። እሷ አለፈች። ሃያ ቀን ያህል አንድ ክፍል እያደርን ከሰላምታ በቀር አላወራንም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከሥራ መጥቼ ዳቦ በሻይ ቀምሼ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። አንድ ማታ ከፈረቃ ስመለስ እራት አቅርባ፣ ትሪውን ሸፍና፣ ሳትበላ ጠበቀችኝ። ሰዓቱ መሽቷል።

«ለምን አልበላሽም?» አልኳት።

«ብቻዬን አይበላልኝም» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን አላስታውስም።

ደብዳቤው ላይ ይህን አልጻፍኩም። የት ይጻፋል?

መሸ ሲል ወደ ኮሊግ ተመለስኩ። ላቲኑ አብሮ የተሾመ ማለት ነው። በእኛ ባልደረባ። ዛሬ የሥራ ባልደረባ ብቻ መሰለን እንጂ በድሮው ቤተ መንግሥት ባልደረባ ሌላ ነበር። ባለጉዳይን ወደ ንጉሡ ወይም ወደ መኳንንቱ የሚያቀርብለት፣ ቃሉን የሚያደርስለት ሰው ነው። ባልደረባ የሌለው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ታዲያ እኔ ከሐሙስ ጀምሮ የማደርገው ምንድን ነው? በማላውቃቸው ሰዎች ደጅ ቆሜ ስለ እሷ እየተናገርኩ አይደል?

ኮሊግ የሚለውን መርጬ ላክሁት። ወዲያው ደወልኩላት።

«ምንሽ ነኝ አልሽ?» አለችኝ።

«ባልደረባሽ።»

«ባልደረባ ብቻ?» ድምጿ ትንሽ ከፋው።

«ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ ረጅም ነው።»

«አብሽሪ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሽሮ ብቻ ሥሪልኝ።»