የተጎዳች ድመት በሰው ሀገር ስናስታምም

ድመት ስትጎዳ ብዙ ጊዜ አትጮኽም። አልጋ ሥር ትገባለች፣ ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። በሰው ሀገር ፎቅ ቤት ውስጥ ድመት የሚያሳድግ ሰው ማታ ከሥራ ሲገባ የሚያገኘው ይህን ዝምታ ነው። ምን እንደደረሰባት ያየ የለም። ስለዚህ ከመደንገጥ በፊት መቁጠር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ትንፋሿን ቁጠሩ። ደረቷ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ቆጥራችሁ በ2 አባዙት። ያረፈች ጤነኛ ድመት በደቂቃ ከ30 እምብዛም አትበልጥም። ከ40 ካለፈች ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና ውሰዷት። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩ። ሮዝ መሆን አለበት፤ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ነጭ ወይም ግራጫ ድድ ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል።

ከመስኮት የወደቀች ድመት በእግሯ ብትራመድም ትመርመር። ሳንባዋ፣ መንጋጋዋ፣ የላይኛው ላንቃዋና የሽንት ፊኛዋ ሊጎዱ ይችላሉ፤ አንዳንዱ ጉዳት የሚታወቀው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ከላይ በኩል ዘንበል ብሎ የሚከፈተው መስኮት ደግሞ ከመውደቅ አያንስም። ድመቷ ለመውጣት ስትሞክር ወገቧ ይያዛል፣ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄደው ደም ይቋረጣል። እግሮቿ ከቀዘቀዙና ከዛሉ በደቂቃም አትዘግዩ። ስትወስዷት በፎጣ ጠቅልላችሁ ጠንካራ ካርቶን ላይ አስተኟት። የተሰበረ እግር ቤት ውስጥ በእንጨት ለማሰር አትሞክሩ፤ ያለቦታው የታሰረ ድጋፍ ስብራቱን ያንቀሳቅሰዋል።

አሁን ስለ መድኃኒት። ቤት ያለውን ፓራሲታሞል ከፍሎ መስጠት በደግነት የሚደረግ ስህተት ነው፣ ግን ይገድላል። የድመት ጉበት መድኃኒቱን የሚያከሽፍበት መንገድ በጣም ደካማ ነው፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ልትገድል ትችላለች። አይቡፕሮፌንም ለኩላሊቷና ለጨጓራዋ መርዝ ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሜሎክሲካም የተባለ ፈሳሽ የሕመም ማስታገሻ ያዛል፤ በክብደቷ ተለክቶ ከምግብ ጋር ይሰጣል። የድመቱ ብዙውን ጊዜ በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ሲይዝ የውሻው 1.5 ይይዛል፣ ማለትም ሦስት እጥፍ። ከጎረቤት ውሻ የተረፈ ጠርሙስ አትዋሱ። ምግብ ካቆመች ወይም ካስመለሳት የሚቀጥለውን ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

የአገሩ ቋንቋ ገና ካልቀናችሁ፣ ስትራመድና ስትተነፍስ በስልክ ቅረጿት። መቼ እንደበላች፣ መቼ እንደሸናች ከነሰዓቱ ጻፉ። ቪዲዮና ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልጉም።

የዳሌ ስብራት አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ በቀዶ ሕክምና ቢጠገንም ባይጠገንም ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መከለል አለ። 90 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ የውሻ ኬጅ ይበቃል። ግማሹን በጨርቅ ሸፍኑላት፣ መደበቂያ ስታገኝ ትረጋጋለች። የመጸዳጃ ሳጥኗ ጠርዝ ዝቅ ያለ፣ ከፍታው 5 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን፣ ቁስል ካለባትም በአሸዋው ፋንታ የተቀደደ ወረቀት አድርጉላት። ከሁሉ የሚከብደው 3ኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ ይቀንስላታል፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ አንጀት ትበላለች። በዚያ ጊዜ አጥንቱን የያዘው አዲስ ሥጋ ገና አልጠነከረም፤ አንድ ዝላይ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ሐኪሙ ራጅ አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ በሩን አትክፈቱላት።

24 ሰዓት ሙሉ ካልበላች ደውሉ። የማትበላ ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ይታፈናል። እርጥብ ምግብ ለብ ሲል ሽታው ይጠራታል። ለአንድ ቀን ካልሸናችም አትጠብቁ። ጅራቷ በር ላይ ተይዞ ከተጎተተ ፊኛዋን የሚያዝዘው ነርቭ አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪሙ ቁስሉን እጠቡ ካላችሁ፣ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውኃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየዳነ ያለውን ሥጋ ይጎዱታል። የአንገት መከለያው ከአፍንጫዋ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አልፎ ይውጣ፣ ከአንገቷ ጋር ሁለት ጣት ያስገባ። ስትበላ አጠገቧ ካላችሁ አውልቁላት፣ ስትጨርስ መልሱ። ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ በምላሷ ግን በአንድ ሌሊት ትፈታዋለች። ፋሻ ካለ ከሥሩ የሚታዩትን ሁለት መካከለኛ ጥፍሮች ጠዋትና ማታ እዩ፤ ከተራራቁ እግሩ አብጧል ማለት ነው። ከረጠበ ወይም ከሸተተም የዚያኑ ቀን ይቀየር።

ከኬጅ የምትወጣ ዕለት ወንበሮቹን ከመስኮት አርቁ፣ መስኮቱ ላይም ጠንካራ መረብ ቀድሞ ይወጠር።