ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይታያል?

ሐምራዊ ቀለም ሳይ አሁንም ደንገጥ እላለሁ።

ያኔ ሥራዬ የነርቭ ሴሎችን ከአልዛይመር ጉዳት የሚጠብቅ ትንሽ ሞለኪውል መፈለግ ነበር። ትንሽ የምንለው ክብደቱ ብዙውን ጊዜ 500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የማይሞላውን ነው፤ ከዚያ ከገዘፈ ከደም ወደ አንጎል መሻገር ይከብደዋል። እነ ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የተባሉት የአልዛይመር መድኃኒቶች የበሽታውን ምልክት ያስታግሳሉ እንጂ የሴሎቹን ሞት አያስቆሙም። ታዲያ ጉጉታችን ለጉድ ነበር።

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ማለትም ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሴሎቹን አሳድጋለሁ። መጀመሪያ ሞለኪውሉን፣ ቀጥሎ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል የሚከማቸውን መርዛማ ፕሮቲን፣ ቤታ አሚሎይድን፣ እጨምራለሁ። በማግስቱ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ማቅለሚያ ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ሐምራዊ ያደርገዋል። ሴሉ ከሞተ ቢጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

አንዷ ሞለኪውል ረድፏን በሙሉ ሐምራዊ አደረገችው። መጠኗን በጨመርኩ ቁጥር ይደምቃል። ጭራሽ መርዝ ካልነካቸው ሴሎች በለጠ! እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ማን ይጠርጥር? ግራፉን ለአለቃዬ ልኬ ስላይድ ማሳመር ጀመርኩ።

አንዲት አንጋፋ ባለሙያ ግራፉን አዩና «ሴል የሌለበት ጉድጓድ ላይ ሞክረሻታል?» አሉኝ።

«ሴል ከሌለማ ምን ይታያል ብለው ነው?»

«እሱን አይደል የምጠይቅሽ።»

ደስ አላለኝም። ለወጉ ያህል ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የማሳደጊያውን ፈሳሽ፣ ሞለኪውሏንና ማቅለሚያውን ጨመርኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ኢንኩቤተሩን ስከፍት ሐምራዊው ቁጭ ብሏል። አንድም ሴል የለም።

ቢጫው ሐምራዊ የሚሆነው ኤሌክትሮን ሲያገኝ ነው፤ ለካ ሞለኪውሏ ራሷ ኤሌክትሮን ለጋስ ኖራለች። ኦክሳይድ ተከላካይ የሚባሉ ብዙ ውህዶች ይህ አመል አለባቸው፤ ቢጫውን ያለ ሴል እርዳታ ይቀይሩታል።

ሙከራውን ደገምኩት። አሁን ማቅለሚያ ሳልጨምር በፊት በማይክሮስኮፕ አየሁ። የሴሎቹ ቀጫጭን ክሮች ተበጣጥሰዋል። ብዙዎቹ ከወለሉ ለቀው ይንሳፈፋሉ። ሴል ሲሞት የሚያፈሰውን ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይምም ለካሁ፤ መርዝ ብቻ ከገባበት ጉድጓድ እኩል መጣ። ማየት ብቻ ይበቃ ነበር እኮ! አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስብሰባው ላይ ያቀረብኩት አንድ ስላይድ ብቻ ነበር፤ የባዶው ጉድጓድ ፎቶ። አለቃዬ ዝም ብሎ አየውና «ከዚህ በፊት በዚሁ ሙከራ ያሳለፍናቸው ሞለኪውሎችስ?» አለኝ።

ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ሐምራዊ ሆኑ።