ከውጭ የማይታይ ቅምቅማት

ከውጭ የማይታይ ቅምቅማት፣ ማለትም ስፌቱ ከውጭ ሳይታይ የልብስን የታች ጠርዝ አጥፎ መስፋት፣ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ላላ ያለ እጅ ነው። ክሩ ጠብቆ ከተሳበ፣ መርፌዋ ከውጭኛው ጨርቅ ያነሳቻትን ቀጭን ክር ወደ ውስጥ ይጎትታታል፤ እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ስርጉድ ይቀራል። ስርጉዶቹ በተርታ ሲደረደሩ ስፌቱ ከሩቅ ይነበባል፤ ካውያም አያጠፋቸውም። ስለዚህ ክሩ እጥፋቱን እንዲይዝ እንጂ እንዲጨቁነው አልፈልግም።

ግማሹ ሥራ ግን መርፌ ሳይነሳ ያልቃል። ጥጥ፣ ተልባ ወይም ሱፍ ከሆነ ጨርቁ መጀመሪያ ሊታጠብ ወይም በእንፋሎት ሊተኮስ ይገባል፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና የተለካው ርዝመት ይበላሻል። በሰያፍ የተቆረጠ ጉርድ ቀሚስ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ተሰቅሎ መዋል አለበት። የሰያፍ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ ያውም ዙሪያውን እኩል አይረዝምም። ልኩ የሚወሰደው ባለቤቱ ልብሱን ከሚለብሰው ጫማ ጋር አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ከወለል ወደ ላይ ነው። ከወገብ ወደ ታች ከተለካ ዳሌና ጀርባ ልኩን ያዛቡታል።

ለእጥፋቱ የሚተወው ጨርቅ እንደ ልብሱ ቅርጽ ይለያያል። ቀጥ ላለ ሱሪና ጉርድ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ክብደቱም ልብሱን ወደ ታች ስቦ ያሳምረዋል። ወደ ታች እየሰፋ ለሚሄድ ቀሚስ ከ2 ተኩል ሴንቲ ሜትር አላሳልፍም። ምክንያቱም ጠርዙ ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሚያርፍበት ቦታ ይልቅ ዙሪያው ይሰፋል፤ ትርፉ መሄጃ ያጣና ይጨማደዳል። መፍትሔው ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ላላ ባለ የማሽን ስፌት መዞር፣ ከዚያ ክሩን በቀስታ እየሳቡ ትርፉን በእኩል መሰብሰብ ነው። ወደ ታች እየጠበበ ለሚሄድ ሱሪ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እጥፋቱ ስለሚጠብ የጎኑን ስፌት በእጥፋቱ ክፍል ብቻ ትንሽ መፍታት ያስፈልጋል።

ጥሬው ጠርዝ በኦቨርሎክ (ጠርዝን በክር በሚጠቀልል ማሽን) ወይም በዚግዛግ ስፌት ይዘጋል። በወፍራም ጨርቅ ላይ ጠርዙን ሁለተኛ አጥፎ መስፋት አልወድም፤ ሲተኮስ ድርብርቡ ከውጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። የጎን ስፌት በእጥፋቱ ውስጥ የሚያልፍበት ቦታም ትርፍ ጨርቁ ተቆርጦ ካልሳሳ ያብጣል። ከዚያ የታችኛው መታጠፊያ ይተኮሳል፣ ከላይኛው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎም ለጊዜው በሰፋፊ ስፌት ይሸለላል። ይህ ክፍተት ግድ ነው፤ ጠርዙን ወደ ኋላ ለመመለስ ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው።

መርፌው ቀጭን፣ ቁጥር 9 ወይም 10 ይሁን። ክሩ ነጠላ፣ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፤ ከዚያ ከረዘመ ይተበተባል፣ ይሳሳልም። ትክክለኛው ቀለም ካልተገኘ ከጨርቁ በጥቂቱ የጠቆረውን መምረጥ ይሻላል፤ ነጠላ ክር ከጥቅሉ ሲወጣ ፈካ ብሎ ይታያል።

ልብሱ ተገልብጦ፣ የእጥፋቱ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ቋጠሮው እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ቀኝ እጀኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፦ መርፌዋ ከውጭኛው ጨርቅ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ክር ብቻ ታነሳለች፤ ከዚያ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ አልፋ ከተመለሰው ጠርዝ ትንሽ ትይዛለች፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እጥፋቱ ላይ ብቻ አንድ ማጠንከሪያ ስፌት ይጨመር፤ ጫማ ክሩን ቢበጥሰው የሚፈታው ያ ቁራጭ ብቻ ይሆናል። ከጥቂት ስፌት በኋላ ሁሌ ገልብጦ ማየት ተገቢ ነው፤ ስህተት በጊዜ ከተያዘ ሁለት ስፌት መፍታት ይበቃል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክሩ እየተሻገረ ኤክስ የሚሠራበት ስፌት ይሻላል፤ ከጨርቁ ጋር ይሳባል፣ አይበጠስም።

ማሽንም ይህን ይሠራል፤ ለወፍራም ሱፍና ለጥጥ ሱሪ እቀበለዋለሁ፣ ለሐርና ለሳቲን ግን አላምነውም። መሪ ብረት ያለው ልዩ እግር (ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ ክፍል) ይገጠማል። እጥፋቱ ወደ ልብሱ ሥር ተመልሶ ጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ እንዲወጣ ይደረጋል። መርፌው ጥቂት ስፌቶችን በጠርዙ ላይ ይሰፋል፣ ከዚያ አንዴ ወደ ግራ ዘሎ የመታጠፊያውን ጫፍ ብቻ ይነካል። ብዙ ከነከሰ ከውጭ መሰላል ይሠራል፤ ምንም ካልነከሰ እጥፋቱ ክፍት ሆኖ ይንጠለጠላል። የስፌቱን ስፋት በግማሽ ሚሊ ሜትር እያስተካከሉ መጀመሪያ በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ መሞከር ግድ ነው። የጎን ስፌት ላይ ሲደርስ ውፍረቱ እግሩን ስለሚያነሳው መሽከርከሪያውን በእጅ ማዞር ይሻላል።

የተሸለለው ክር ከመጨረሻው ካውያ በፊት ይውጣ፤ ክሩ ሳይወጣ ከተተኮሰ ምልክቱ ይቀራል። በእጥፋቱና በልብሱ መካከል ወፍራም የወረቀት ቁራጭ አስገብቶ፣ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት የታችኛውን መታጠፊያ ብቻ መተኮስ ነው። ካውያው ወደ ላይኛው ጠርዝ መውጣት የለበትም።