የመሐላው ወረቀት

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1829 (እ.ኤ.አ.) ስለ ካቶሊኮች መብት ያደረገውን ክርክር ሳነብ አመሸሁ። ለምን እንደጀመርኩት እንጃ። አንዴ ከገቡበት ግን አይለቅም።

ከ1678 ጀምሮ ፓርላማ የሚገባ ሰው ማርያምንና ቅዱሳንን መለመን፣ የካቶሊክ ቅዳሴም ጭምር፣ ጣዖት ማምለክ ነው ብሎ መማል ነበረበት። ይቺን ሁለቴ አነበብኳት። እናቴ ለሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር እንኳ «ማርያምን!» ነው የምትለው። እሷን እዚያ በር ላይ አቁሜ ሳስባት ሳቄ መጣ። ካቶሊክ አይግባ የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ አላስፈለጋቸውም።

በ1828 ግን ዳንኤል ኦኮኔል የሚባል አየርላንዳዊ ካቶሊክ ጠበቃ ክሌር በምትባል የአየርላንድ አውራጃ ለፓርላማ ተወዳደረ። ካቶሊክ እንዳይወዳደር የሚከለክል ሕግ የለማ! ችግሩ ያለው ከተመረጠ በኋላ፣ መሐላው ላይ ነው። 2,057 ለ982 አሸነፈ። ብዙዎቹ መራጮቹ ከመሬታቸው 40 ሽልንግ ገቢ ስላላቸው «ባለ 40 ሽልንግ» የሚባሉ ጭሰኞች ናቸው። ድምፅ ያኔ በሚስጥር አይሰጥም። ጭሰኛው የባለመሬቱ ሰዎች እየሰሙት የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። በማግስቱ ከመሬቱ ሊነቀል ይችላል። እኔ ብሆን እደፍር ነበር? እንጃ።

መንግሥት ደነገጠ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ዕድሜውን ሙሉ ካቶሊኮችን የተቃወመ ሰው ነው። አየርላንድ እርስ በርስ ልትጫረስ ነው ብሎ ሲፈራ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ የኦክስፎርድ የፓርላማ መቀመጫውንም በዚሁ አጣ። መጋቢት ውስጥ ካቶሊኮችን ፓርላማ የሚያስገባውን ሕግ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ አስረዳ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዌሊንግተን ደግሞ በዚሁ ሰበብ ስሙን ካጠፋው አንድ መኳንንት ጋር ሽጉጥ ይዞ ሜዳ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር እኮ ነው! ደግነቱ ማንም አልተመታም።

ንጉሡ ጆርጅ 4ኛ እያጉረመረመ ሚያዝያ 13 ቀን ፈረመ። እንቅልፌን ጨርሶ ያባረረው ግን እዚያው ቀን የጸደቀው ሌላው ሕግ ነው። የአየርላንድ ገጠር መራጭ ለመሆን የሚጠየቀው የመሬት ገቢ ከ40 ሽልንግ፣ ማለትም ከ2 ፓውንድ፣ ወደ 10 ፓውንድ ከፍ አለ። ጭሰኞቹ ከመራጭነት ተሰረዙ። ያናደደኝ ደግሞ ኦኮኔል ራሱ በ1825 በድርድር ላይ እንዲህ ያለውን ነገር ተቀብሎ እንደነበር ማንበቤ ነው። በኋላ ተጸጽቷል ይባላል። ይጸጸት!

ካቶሊኮችን የሚያስገባው ሕግ ቀድሞ ለተመረጠ አይሠራም ተባለና ግንቦት ላይ ኦኮኔልን የድሮውን መሐላ ወረቀት አስያዙት። አነበበው። ሐሰት ነው፣ አልምልም ብሎ ወጣ። ሐምሌ ላይ ክሌር እንደገና መረጠችው፤ ተቀናቃኝ እንኳ አልቀረበም። ቢቀርብ ኖሮም አምና ስሙን ጮክ ብለው የጠሩት ጭሰኞች ሊመርጡት አይችሉም ነበር።