በራግቢ ሊግ ስክረም ጊዜ የተከላካዮች አቋቋም፦ እስካሁን የደረስኩበት

እዚህ ሐዋሳ የራግቢ ሊግን ሕግ የምናጠናው ሁላችንም ማለት ይቻላል ከእግር ኳስ የመጣን ስለሆንን፣ ሰሞኑን ብዙ ጊዜ ስለወሰደብኝ አንድ አንቀጽ፣ ማለትም በስክረም (የሁለቱ ቡድኖች የፊት ተጫዋቾች ተቆላልፈው ሲገፋፉ ኳሱ በመካከላቸው ገብቶ ጨዋታው በሚቀጥልበት አሠራር) ወቅት ኳሱን የማያስገባው ቡድን የት መቆም እንዳለበት ስለሚደነግገው ክፍል ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከእያንዳንዱ ቡድን 13 ተጫዋቾች ስድስቱ ፎርዋርዶች (የፊት ተጫዋቾች) በ3፣ በ2 እና በ1 ተደርድረው ስክረሙን ይሠራሉ፤ ሰባቱ ውጭ ይቀራሉ። ከእነዚህ ከሰባቱ የተከላካዩ ቡድን ተጫዋቾች መካከል፣ ከስክረም ሃፉ (ከስክረሙ አጠገብ ከሚቆመው ተጫዋች) በስተቀር ሌሎቹ በሙሉ ከራሳቸው ስክረም የመጨረሻ ረድፍ እግሮች ቢያንስ 5 ሜትር ወደ ኋላ ማፈግፈግና ኳሱ በትክክል እስኪወጣ ድረስ በዚያው መቆየት ይኖርባቸዋል።

የእግር ኳስ ሰው የሚቸገረው በመለኪያው መነሻ ነው። በቅጣት ምት ግድግዳ የሚሠሩ ተጫዋቾች 9.15 ሜትር የሚርቁት ከኳሱ ሲሆን፣ እዚህ ግን የሚቆጠረው ከኋለኛው ተጫዋች እግር ነው። ከጓደኞቼ ጋር ተቆላልፈን ስንለካ ከኳሱ መግቢያ እስከ መጨረሻው እግር ሦስት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የኋላው መስመር ከኳሱ መግቢያ የሚርቀው ስምንት ሜትር ገደማ ሆነ። ስክረሙ በግፊት ወደ ኋላ ሲንሸራተት ደግሞ በኖራ ያሰመርነው መስመር ትርጉም አጣ፤ የተከላካዮቹ መስመርም ከእግሮቹ ጋር አብሮ መሸሽ አለበትና።

ርቀቱ ይህን ያህል የሚያሳስበው፣ ተይዞ የወደቀ ተጫዋች ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ በሚያንከባልልበት ተራ ጨዋታ ተከላካዮች 10 ሜትር ቢያፈገፍጉም ፎርዋርዶቹም በመስመሩ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሲሆን፣ በስክረም ጊዜ ግን ስድስቱ ታስረው ሰባቱ ብቻቸውን እስከ 68 ሜትር የሚሰፋውን ሜዳ ስለሚሸፍኑ ነው። ፉልባኩ (የመጨረሻው ተከላካይ) ከኋላ ሲቀር የፊተኞቹ ቁጥር ይበልጥ ይሳሳል።

በእኔ ግምት ከ5 ሜትሩ በላይ ጥብቅ ክትትል የሚያሻው ፎርዋርዶቹ ኳሱ ሳይወጣ እንዳይላቀቁ የሚከለክለው ደንብ ነው፤ ሉዝ ፎርዋርዱ (በስክረሙ የመጨረሻ ረድፍ ብቻውን ያለው ተጫዋች) ቀድሞ ከወጣ የኋላው መስመር ርቀቱን መጠበቁ ለአጥቂው ቡድን ብዙም አይጠቅመውም። የአውስትራሊያው ከፍተኛ የራግቢ ሊግ ውድድር ኤንአርኤል በ2021 ቀድሞ ለመላቀቅ ወደ ጎል መምታት የሚፈቅድ ሙሉ ቅጣት መደንገጉም ተገቢ ይመስለኛል። ኳሱ በትክክል ወጣ የሚባለው በሁለተኛው ረድፍ ተጫዋቾች የውስጥ እግሮች መካከል አልፎ ከኋላቸው ሲወጣ ስለሆነ፣ የተከላካይ ዓይን ኳሱን በሚያስገባው ሰው እጅ ላይ ሳይሆን በዚያ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት።

ቀጥሎ የምንለማመደው ስክረሙ ከተከላካዩ ቡድን የጎል መስመር 10 ሜትር ላይ ሲሠራ ያለውን አቋቋም ነው፤ በለካነው መሠረት በዚያን ጊዜ ከተከላካዮቹ ጀርባ የሚቀረው ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነው።