ስንጥቁ ውስጥ ያሉት ስሞች

ቶሮንቶ የገባሁ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ዳንፎርዝ ወስዳ ሽሮ ጋበዘችኝ። «ነገ የት ልውሰድህ?» ስትለኝ አየርላንድ ፓርክ አልኳት። አስራ አንድ ዓመት ኖራበት ስሙን እንኳ አልሰማችም። «ፓርክ ከሆነማ ሃይ ፓርክ አይሻልህም?» አለችኝ። በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ።

የባተርስት መንገድ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ያልቃል። ረሃብ ሸሽተው ለመጡ የአየርላንድ ስደተኞች መታሰቢያ የሆነው ፓርክ እዚያ ነው። መጀመሪያ ሳላየው አልፌዋለሁ። ምክንያቱም ዓይን የሚይዘው አጠገቡ የተገተረው የኮንክሪት ጎተራ ነው፤ ድሮ የብቅል ገብስ የሚከማችበት።

ከጎተራው ሥር አምስት የነሐስ ሰዎች አሉ። አንዱ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። አንዷ መሬት ላይ ወድቃለች። ቀራጺው ሮዋን ጊሌስፒ ነው። አየርላንድ፣ ደብሊን ወንዝ ዳር ወደ መርከብ የሚያዘግሙ የተራቡ ሰዎች ሠርቷል፤ እነዚህ ደግሞ የደረሱት ናቸው። የወደቀችዋ አጠገብ ብዙ ቆምኩ። የ77ቱን ድርቅ ምስሎች ላየ ሰው እነዚህ ጉንጮች እንግዳ አይደሉም። ያኔ ዘፋኞችን አስተባብሮ ገንዘብ ያሰባሰበልን ቦብ ጌልዶፍም የደብሊን ልጅ ነው።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። የአየርላንድ ድሃ የሚኖረው በድንች ነበር። በሽታ ገባና ድንቹን መሬት ውስጥ አበሰበሰው። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ ተሰደደ። የሚያንገበግበው ግን ሰው እየረገፈ እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ መጫኑ አለመቆሙ ነው። ይህን እያሰቡ ጎተራ ሥር መቆም ይከብዳል።

በ1847 ወደ 38 ሺህ ስደተኛ ቶሮንቶ ገባ። ከተማዋ ራሷ ያኔ 20 ሺህ ሰው ነበራት። ታይፈስም አብሮ መጣ። እኛ አገር ክሊኒክ ገብተን «ታይፎይድና ታይፈስ» ሲሉን እንደ ጉንፋን ነው የምንሰማው። ያኔ ግን መድኃኒት የለውም። በሽተኞቹን በጣውላ መጠለያ አስተኟቸው። በዚያ ዓመት ከ1,100 በላይ ስደተኞች ሞቱ። የከተማዋ የመጀመሪያ ካቶሊክ ጳጳስ ማይክል ፓወር ሕሙማኑን ሲጠይቁ በሽታው ይዟቸው አረፉ።

የሟቾቹ ስም የት እንዳለ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። ከአየርላንድ፣ ከኪልኬኒ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ ግድግዳ ሆኗል። ፊቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ስሞቹ ያሉት በድንጋዮቹ መካከል ባለው ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ለማንበብ ጎንበስ ማለት፣ ፊትን ማስጠጋት ግድ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመረቅ የተገኙት ስሞች 675 ነበሩ። የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ውስጥ አጮለቅኩ። ትልልቅ ሐውልት ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ አንገቴን ያስደፋኝ ግን የለም።

ቀና ስል ሻንጣ የሚጎትት ወጣት በአጠገቤ አለፈ። ደሴቲቱ ላይ ያለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ መሻገሪያው እዚያው ነው። የሻንጣው ጎማ ድንጋዩ ላይ ይንኳኳል። ሰዓቱን አየና ሮጠ።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ፎቶዎቹን አሳየኋት። የወደቀችዋ ሴት ጋ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አሰፋችው።

«ቅዳሜ እረፍት ነኝ» አለች።