ጫሞ ላይ ያበላሸሁት ትርጉም

አርባ ምንጭ በሄድኩ ቁጥር ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች። በአስጎብኚነት ጫሞ ላይ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ግን የለም።

ሁለት ፎቶ አንሺ እንግዶች ይዤ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚያስቸግር በጠዋት ጀልባ ያዝን። ጉማሬዎቹ ሌሊቱን ሣር ሲግጡ አድረው ውሃ ገብተዋል። ከጆሮና ከአፍንጫቸው በቀር የሚታይ የለም። ፔሊካኖችም አየን። ከዚያ ወደ አዞ ገበያ ዞርን።

ገበያ ይባል እንጂ የሚሸጥበት የለም። በነጭ ሣር ፓርክ በኩል ያለ ዳርቻ ነው፤ አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ይወጡበታል። አንዳንዱ 5 ሜትር ይደርሳል። አፋቸውን ከፍተው ሲተኙ እንግዳ ሁሉ የተቆጡ ይመስለዋል። ሙቀት እያስወጡ ነው።

እንግዶቹ የፈለጉት አዞ ከዳር ተወርውሮ ውሃ ሲገባ ማንሳት ነበር። ለዚህ ጀልባው ድንገት መጠጋት አለበት። ከዚህ በፊት አድርገነዋል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉላቸው" አልኳቸው ባለጀልባውን።

ሞተሩን አጠፉት።

"አይሆንም፣ ልጄ።"

"ምነው?"

በአገጫቸው አሸዋው ላይ የተኛችውን አዞ አሳዩኝ። "እንቁላሏን እየጠበቀች ነው። እኛ ካባረርናት እሱ ይጨርሰዋል።"

እሱ ያሉት አርጃኖውን ነው፤ እንቁላል የሚሰርቀውን ትልቅ እንሽላሊት። ከቁጥቋጦው ሥር ተጋድሟል። እሳቸው ባያሳዩኝ አላየውም ነበር። አዞ ከ40 እስከ 60 እንቁላል አሸዋ ውስጥ ትቀብርና 3 ወር ያህል ትጠብቃለች፣ ያውም እምብዛም ሳትበላ። አርጃኖ ደግሞ እሷ ዘወር የምትልበትን ደቂቃ ነው የሚጠብቀው።

ይህን ለእንግዶቹ መተርጎም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እንዲያውም ከፎቶው የሚበልጥ ነገር ነበር፤ እናትየዋም ሌባውም እዚያው ፊታችን ናቸው። ግን ቢሮው ትዝ አለኝ። "እንግዳ እምቢ አይባልም" እያሉ ነው የሚልኩን። ከአፌ የወጣው "ኢንጂን ፕሮብሌም" የሚል ሆነ።

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። እንግሊዝኛ አይናገሩም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቱሪስት ያመላለሱ ሰው ይህቺን ቃል ያጣሉ? ምንም አላሉም። እንግዶቹ በሩቁ አንስተው ሲጨርሱ ገመዱን ሳቡ። ሞተሩ በአንድ ስበት ተነሳ።

እንግዶቹ ለቢሮው ቅሬታ ጻፉ፤ የተበላሸ ጀልባ ሰጣችሁን የሚል። ቢሮው ወዲያው "ሁለተኛ ከእኚህ ሰውዬ ጋር እንዳትወጡ" አለ። ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። "ሞተር ነው ያልከው አንተው አይደለህ? አሁን እንግዳውን መልሰን ልናስረዳ ነው?" አሉኝ። ውሳኔያቸውን አልቀየሩም። የኔ ጥፋት የኔ ነው። እነሱ ግን አዞው ካለቀ ጫሞ ላይ እንግዳውን ምን ሊያሳዩት እንዳሰቡ ዛሬም አይገባኝም።

ከወራት በኋላ ጋሼን ጀልባው መነሻ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታውን ሳንጨርስ ስለ እሷ ጀመሩልኝ። ጫጩቶቹ እንቁላሉ ውስጥ ሆነው ሲጮሁ ሰምታ አሸዋውን ቆፈረች አሉ። ከዚያ በአፏ እየያዘች ውሃ አገባቻቸው። እጃቸውን እንደ መንጋጋ ገጥመው አሳዩኝ፤ ቀስ አድርገው፣ የሚሰበር ነገር የያዙ ይመስል።

ያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። ትንሽ ቆዩና "ሞተሬ ግን ደህና ነበር" አሉኝ።